ታዋቂ ሰዎች የጤና በጎ አድራጎትን የሚደግፉት እንዴት ነው?

በአዲስ አበባ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚያልፍ ሰው ሁለት ዓይነት የእርዳታ ጥሪ ይገጥመዋል። አንደኛው የሕክምና ማስረጃቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይዘው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ከሚለምኑ ሕሙማንና አስታማሚዎች የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ድምፃዊ፣ ተዋናይ ወይም ሯጭ ስለ አንድ ድርጅት በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የሚያስተላልፈው ነው። ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ ችግር ነው፤ የሕክምናው ወጪ ከቤተሰብ አቅም በላይ ሆኗል። የሚለያዩት ጥሪውን በሚሰማው ሰው ብዛት ነው። የመጀመሪያውን ጥሪ የሚሰማው አላፊ አግዳሚው ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሚሊዮኖች ዘንድ ይደርሳል።

የታዋቂ ሰዎች ድጋፍ በአራት መንገድ ይገለጣል። የመጀመሪያው ከራስ ገንዘብ መስጠት ነው። ሁለተኛው ስለማይነገርለት ሕመም መናገር፣ ሦስተኛው ሕዝብን አስተባብሮ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ አራተኛው ደግሞ ራሱን የቻለ ድርጅት መመሥረት ነው። በኢትዮጵያ ለእያንዳንዳቸው ምሳሌ አለ።

የተደበቀን ሕመም ማውጣት

ፌስቱላ ምጥ ለቀናት ተራዝሞ በወቅቱ ሕክምና ሳይገኝ ሲቀር የሚደርስ ጉዳት ነው። የሕፃኑ ራስ ለረጅም ሰዓት በሚፈጥረው ግፊት የእናቲቱ አካል ደም አጥቶ ይጎዳና ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ከዚያ በኋላ ሽንት፣ አንዳንዴም ሰገራ፣ ያለ ቁጥጥር ይፈስሳል። ብዙዎቹ ተጎጂዎች ልጃቸውን ከማጣታቸውም በላይ ከትዳራቸውና ከጎረቤቶቻቸው ይርቃሉ። ሕመሙ የሚያሳፍር ተደርጎ ስለሚታይ ተደብቆ ይኖራል።

አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና የኒውዚላንድ ተወላጅ የነበሩት ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ሆስፒታሉ ሕክምናውን በነፃ ይሰጣል፤ በመሆኑም ሕልውናው የተመሠረተው በለጋሾች ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራውን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን አዘጋጅ ኦፕራ ዊንፍሬ ዶክተር ካትሪንን በዝግጅቷ አቀረበቻቸው፤ ለሆስፒታሉም 450 ሺህ ዶላር ለገሰች። በቀጣዩ ዓመት ራሷ አዲስ አበባ መጥታ ሕሙማኑን ጎበኘች። ከገንዘቡ ባልተናነሰ የጠቀመው፣ የሕመሙ ስም በሚሊዮኖች ቤት በግልጽ መነገሩ ነው። በእነዚያው ዓመታት ሆስፒታሉ ከዋና ከተማዋ ወጥቶ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የሐምሊን አዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተመሠረተ። ዶክተር ካትሪን በ96 ዓመታቸው መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. አርፈዋል።

በአዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ሞዴል ሊያ ከበደም ዝናዋን ለእናቶች ጤና አውላዋለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶች፣ የጨቅላ ሕፃናትና የሕፃናት ጤና የበጎ ፈቃድ አምባሳደር አድርጎ ሾማት። በዚያው ዓመት በስሟ የሚጠራ ፋውንዴሽን አቋቋመች። የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሕክምና አይሰጥም፤ ሥራው በመንግሥታትና በለጋሾች መድረክ ጉዳዩ እንዳይረሳ ማድረግ ነው።

ሕዝብን ማስተባበር

አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ኅዳር 1994 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን 10 ሺህ ሰዎች ሲሮጡ፣ አሸናፊውም ኃይሌ ነበር። በቅርብ ዓመታት የተሳታፊው ቁጥር ከ40 ሺህ በላይ ደርሷል። ውድድሩ ለበጎ አድራጎት ሥራዎች ገንዘብ ይሰበሰብበታል፤ የጤና መልእክትም ይተላለፍበታል። በዚህ መንገድ የአንድ ሯጭ ዝና በየዓመቱ የሚመለስ ልማድ ሆኗል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ፣ ዋና ማዕከሉ የሚገኘው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሌላው ምሳሌ ነው። ማዕከሉ በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ ተመሥርቶ፣ ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና በጎዳና ላይ የወደቁ የአእምሮ ሕሙማንን ያነሣል፣ ያጥባል፣ ያሳክማል። በ2017 ዓ.ም. ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ በዩቲዩብ ቻናሉ ሌት ተቀን የዘለቀ ቀጥታ ስርጭት አካሂዶ ለማዕከሉ ሕንፃ ማስጨረሻ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር እንዲሰበሰብ ምክንያት ሆኗል። ከገንዘቡ ውስጥ በአነስተኛ መጠን፣ ከሞባይል ስልክ የተላከው ቀላል አልነበረም። ድርጅቱን በስም ብቻ ያውቁት የነበሩ ተመልካቾችም ሥራውን በዓይናቸው አይተዋል።

ከመድረክ ወደ መንደር

አንዳንዱ ታዋቂ ሰው በጥሪ ብቻ አይወሰንም። ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. በጀርመን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ፣ ከተመልካቹ አንድ ሦስተኛው እንኳ ለአፍሪካ አንድ ማርክ አይሰጥም ሲል ተወራረደ። ውርርዱን አሸነፈ፤ ይሁንና የተሰበሰበው ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅትም መሠረተ። የትወና ሥራውን ትቶ ቀሪ ዘመኑን ለዚሁ ሰጠ። ድርጅቱ በገጠር የውኃ፣ የትምህርት፣ የእርሻና የጤና ሥራዎችን አብሮ ይሠራል፤ ንጹሕ ውኃ የሌለው መንደር መድኃኒት ቢገባለትም ከበሽታ አይድንምና። የመቱ ካርል ሆስፒታል ዛሬም በስሙ ይጠራል።

የድጋፉ ወሰን

ዝና ግን ባለሙያን አይተካም። ሕፃናት ተኝተው የሚታከሙበት የጥቁር አንበሳው የልብ ሕክምና ማዕከል ከዝነኛ ጥሪ የተነሣ አይደለም። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን መሥርተው፣ ለዓመታት ሕፃናቱን ወደ ውጭ አገር እየላኩ ካሳከሙ በኋላ፣ ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2009 በአገር ውስጥ ተከፈተ። የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲም የተመሠረተው ልጃቸውን በደም ካንሰር ባጡ ወላጆች ነው። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ከዝነኞች የሚፈልጉት የአንድ ቀን ጭብጨባ ሳይሆን፣ በየወሩ ለመድኃኒትና ለደመወዝ የሚያስፈልገው ገቢ እንዳይቋረጥ ማገዝን ነው።

ሌላው ወሰን የትኩረት አለመመጣጠን ነው። ፎቶግራፉ ልብ የሚነካ ሕመም ዝነኛ ደጋፊ ያገኛል፤ እንደ ደም ግፊት፣ እንደ ሚጥል በሽታ ወይም እንደ ኩላሊት ሕመም ለዓመታት የሚዘልቀው ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል። ታዋቂ ሰው ስሙን ባልመረመረው የገንዘብ ማሰባሰብ ላይ ሲያውልም ጉዳቱ በሐቀኞቹ ድርጅቶች ላይ ጭምር ይደርሳል፤ አንዴ የተታለለ ሰጪ ለቀጣዩ ሕመምተኛ እጁን አይዘረጋምና።

ስለዚህ ሰጪው የጠሪውን ማንነት ብቻ ሳይሆን የድርጅቱንም ሊያጣራ ይገባል። በኢትዮጵያ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይተዳደራሉ፤ ተመዝጋቢ ድርጅት ለአስተዳደር የሚያወጣው ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የባንክ ሒሳቡ በግለሰብ ሳይሆን በድርጅቱ ስም መከፈቱን፣ ድርጅቱ መመዝገቡንና ያለፈው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ መጠየቅ የሰጪው መብት ነው።

ከሁሉ በላይ ጥሪው ለገንዘብ ሰጪው ብቻ ሳይሆን ለታማሚውም መድረስ አለበት። በገጠር ቀበሌ ከወሊድ በኋላ ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት ቤት የተቀመጠች እናት ሕመሟ የሚድን መሆኑን፣ በባሕር ዳር የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከልም ያለ ክፍያ እንደሚታከም ካወቀች መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው። ይህን ለመንገር ዝነኛ መሆን አያስፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ጎረቤት ወይም የዕድር አባል በቅርብ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ቢመራት፣ ዝነኞቹ በቴሌቪዥን የጀመሩት ሥራ ከደጇ ይደርሳል።