ከተንጠለጠለ ሰንሰለት እስከሚማር ኮምፒዩተር

አንድ ሕንፃ ገና ሳይሠራ ይቆም እንደሆነ፣ ይሞቅ ወይም ይቀዘቅዝ እንደሆነ ማወቅ የግንበኞች የጥንት ጭንቀት ነው። ዛሬ ይህ ጥያቄ ከምሳሌ ለሚማር ኮምፒዩተር፣ ማለትም ማሽን ለርኒንግ ለሚባለው ዘዴ መቅረብ ጀምሯል። ነገሩ ፍጹም አዲስ ተደርጎ ይወራል። ታሪኩን ወደኋላ ተከትለን ስንመረምረው ግን ከአንድ ተንጠልጣይ ሰንሰለት ላይ እንደርሳለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው የሳይንስ ሊቅ ሮበርት ሁክ የቅስትን ምስጢር ማግኘቱን በ1675 ፊደላትን አዘበራርቆ በእንቆቅልሽ መልክ አሳተመ፤ ፍቺው የወጣው እሱ በ1703 ከሞተ በኋላ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ሁለት ጫፉ ተይዞ የተንጠለጠለ ሰንሰለት ክብደቱን የሚሸከመው በመወጠር ብቻ ሲሆን፣ ያው ቅርጽ ተገልብጦ በድንጋይ ሲሠራ በመታመቅ ብቻ ይቆማል። ድንጋይ ደግሞ ሲታመቅ ብርቱ፣ ሲሳብ ደካማ ነው።

በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በተሰነጣጠቀ ጊዜ ጣሊያናዊው ጆቫኒ ፖሌኒ በዚሁ ዘዴ መረመረው። ጉልላቱን በሐሳብ እንደ ብርቱካን በ50 ከፍሎ፣ የአንዱን ክፍል ሸክም በ32 ክብደቶች መስሎ አንጠለጠለ። መስመሩ ሲገለበጥ ከግንቡ ውፍረት ሳይወጣ ተገኘ። ጉልላቱ እንደማይወድቅ፣ ሆኖም ተጨማሪ የብረት ቀለበት እንደሚያስፈልገው ፈረደ፤ ጥናቱም በ1748 ታተመ። (ክርና ጥቂት ብሎን ያለው መምህር ይህን በክፍል ውስጥ ሊያሳይ ይችላል።)

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን አንቶኒ ጋውዲ ነው። በባርሴሎና አቅራቢያ በኮሎኒያ ጉዌል እንዲሠራ በ1898 ለታዘዘው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ክሮች አንጠልጥሎ፣ የእርሳስ እንክብል የያዙ ትናንሽ ከረጢቶች ሰቀለባቸው። አንዱን ከረጢት ሲያዛውር ክሮቹ ሁሉ በራሳቸው አዲስ ቅርጽ ይይዙ ነበር። ሞዴሉን ፎቶግራፍ አንሥቶ ፎቶውን በመገልበጥ ሕንፃውን ያይ ነበር። ሥራው ዐሥር ዓመት ያህል ፈጀ፤ ግንባታው በ1908 ተጀምሮ በ1914 ሲቋረጥ የተጠናቀቀው የምድር ቤቱ ብቻ ነው።

ይህን ድካም ያቃለለው ኮምፒዩተር ነው። በ1973 ለተመረቀው የሲድኒ ኦፔራ ቤት ጣሪያ መሐንዲሶቹ በኮምፒዩተር አስልተዋል። ቅርፊቶቹ ሁሉ ከአንድ ሉል ገጽ እንዲወሰዱ ያደረገው መፍትሔ ግን የሰዎች ሐሳብ ነበር።

ስሌትም ወሰን አለው። የመስኮት ስፋት፣ የግድግዳ ውፍረት፣ የጣሪያ ዓይነትና የሕንፃው አቅጣጫ እያንዳንዳቸው 10 አማራጭ ቢኖራቸው 10,000 ቅንብር ይወጣል። የአንዱን ቅንብር የዓመት ሙቀትና ቅዝቃዜ በዝርዝር ማስላት ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ባለሙያዎች ጥቂት መቶዎቹን ብቻ ያሰሉና ጥያቄውን ከነመልሱ ለኮምፒዩተሩ ያስተምሩታል፤ እሱም የቀሩትን በቅጽበት ይገምታል። የተሻለ የመሰለው ቅንብር እንደገና በሙሉ ስሌት ይፈተሻል።

ከጋውዲ ክር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ክሩን የምትስበው ምድር ራሷ ናት፤ ኮምፒዩተሩ ግን የሚያውቀው የታየውን ምሳሌ ብቻ ነው። ካልተማረው ነገር ሲጠየቅም በዚያው ድፍረት ይመልሳል። ኃይል ቆጥብ ብቻ ከተባለም መስኮት አልባ ቤት ቢመክረን ልንወቅሰው አንችልም፤ ብርሃንን ከጥያቄው ያስቀረነው እኛ ነን።

ይህ ለአካባቢያችን ቀላል ጉዳይ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ሌሊቷ ይበርዳል፤ በጅቡቲ በሐምሌ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በአንዱ አየር የተማረ ኮምፒዩተር ለሌላው ቢመክር፣ የሚንቀጠቀጠው ወይም የሚታፈነው ነዋሪው ነው። እንዲህ ያለው ምክር በእጃችን ሲገባ፣ ኮምፒዩተሩ የሠለጠነው በየትኛው አገር የሙቀት፣ የእርጥበት፣ የፀሐይና የነፋስ መዝገብ እንደሆነ ከሁሉ አስቀድመን እንጠይቃለን።