ስለ ባሩድ ሽጉጥና ስለ ቢቸና ሞጣ ሰው

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ጠመንጃ የሌለው ሽማግሌ ቢገኝ እንኳ ስለ ጠመንጃ የማያወራ ሽማግሌ አይገኝም። ምንሽር፥ ውጅግራ፥ ሰናድር፥ አልቢን እያለ ሲቆጥር የልጅ ልጆቹን ስም የሚጠራ ይመስላል። ስለ ሽጉጥ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ስለ ባሩድ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ ይህን ነገር የመረጥሁት ስለዚህ ነው። ሐሳቤም ባጭሩ የሚከተለው ነው፤ ብረቱን የሚያመጣው ነጋዴ ነው፤ ነገር ግን ብረቱ ለባለቤቱ መታዘዙንና አለመታዘዙን የሚወስነው ባሩዱ ከማን እጅ እንደሚገኝ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ሽጉጥ «ሸጎጠ» ካለው ግሥ የወጣ ነው፤ በመታጠቂያ ውስጥ የሚሸጎጥ ለማለት ነው። ነፍጥና ባሩድ በዓረብኛ በኩል የመጡ ቃላት ናቸው። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፥ ውጅግራም «ፉዚል ግራ» ከተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ የተገኙ ስሞች ናቸው። በአፈሙዙ በኩል የሚጎርሰው አሮጌው መሣሪያ ግን ስሙን ያገኘው ከራሳችን ሰው ቀልድ ነው፤ «ቆመህ ጠብቀኝ» ተባለ። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ከተኮሰ በኋላ ባሩድ እስኪያፈስ፥ ጨርቅና እርሳስ እስኪያስገባ፥ በዘንግ እስኪጠቀጥቅ ድረስ ጠላቱ ቆሞ እንዲጠብቀው ይለምናል ማለት ነው። የዚያ ዘመን ሽጉጥም አጎራረሱ ይኸው ነበረ፤ ልዩነቱ ማጠሩ ብቻ ነው።

ጥቁር ባሩድ የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው፤ የሚበዛው ከአፈርና ከዋሻ የሚጠራው ጨው መሳይ ነገር ሲሆን፥ ከሰልና ድኝ ይጨመሩበታል። ሲነድ ጢሱ ብዙ ነው፤ ተኳሹን ራሱን ይሸፍነዋል፥ ያለበትንም ስፍራ ለጠላት ያሳያል። እርጥበት ደግሞ ጠላቱ ነው። የጮቄን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ባሩዱን በቀንድ ከትቶ አፉን የደፈነ ሰው ይተኩሳል፥ ያልደፈነ ሰው ግን ብረቱን ይዞ ይቆማል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1807 ፎርሳይት የተባለ የስኮትላንድ ቄስ በምት የሚቀጣጠለውን ማቀጣጠያ ባያወጣ ኖሮ፥ በዝናብ መተኮስ ጨርሶ ባልተቻለ ነበር። ቄሱን ለዚህ ያበቃው የአእዋፍ አደን ፍቅር ነው፤ የባልጩቱ ብልጭታ ወፎቹን ቀድሞ ያስበረግግበት ነበርና። ለጨዋታ የተፈለሰፈ ነገር የጦርነትን ጠባይ መለወጡ ያስገርመኛል።

በአገራችን የነፍጥ ኃይል በግልጽ የታየው በግራኝ አሕመድ ዘመን ነው። በ1533 ዓ. ም. አራት መቶ የሚያህሉ ፖርቱጋሎች ከክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ጋራ ነፍጥ ይዘው ምጽዋ ላይ ወረዱ፤ በ1535 ዓ. ም. ግራኝ ወይና ደጋ ላይ በጥይት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ነፍጥ በሰሜኑ በኩል እየገባ፥ ከባሕር ለራቀው ለጎጃም የሚደርሰው ግን እጅግ ጥቂቱ ሆኖ ቆየ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ. ም. ወደ ግሽ ዓባይ ሲወርድ ሽጉጥና ጠመንጃ ታጥቆ ነበር። ይህ ሰው በጎንደር ሳለ ጠመንጃውን በእርሳስ ፈንታ በሞራ ሻማ ቁራጭ አጉርሶ ሦስት ተደራራቢ ጋሻ እንደ በሳ በመጽሐፉ ተርኳል። መኳንንቱ ተደነቁ ይላል። ዛሬ በፊዚክስ ትምህርት ፍጥነት ምን እንደሚሠራ የተማረ ተማሪ ያን ያህል ባይደነቅም፥ በዚያ አዳራሽ መገኘትን የማይመኝ አይመስለኝም።

በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከሽጉጥ ሁሉ ስሙ የሚነሳው ግን የዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ ነው። በ1855 ዓ. ም. ቆንስል ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ጥንድ ሽጉጥ አቀረበላቸው፤ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስለ አደረጉት ቸርነት ምስጋና መሆኑ በብር ሰሌዳ ተቀርጾበታል። ከዚያም የንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ መልስ አጣ፥ ፈረንጆቹ ታሰሩ፥ የናፒየር ጦር መጣ። አሮጌ ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ሲተኩሱ፥ የቴዎድሮስ ሰዎች የያዙት በአመዛኙ «ቆመህ ጠብቀኝ» ነበረ፤ ጠላት ግን ቆሞ አልጠበቀም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ራሳቸውን የገደሉት በዚያው በስጦታ ሽጉጥ ነው። ጢስ አልባው ባሩድ በፈረንሳይ የተሠራው በፈረንጆች 1884 ስለ ሆነ፥ የዚያ ሽጉጥ ባሩድ ጥቁሩ ባሩድ መሆኑ አያጠራጥርም።

ወደ ጎጃም እንመለስ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ. ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ከነገሡ በኋላ፥ በ1874 ዓ. ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋራ ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ጎጃም በውጅግራ ተሞላ። ውጅግራ ቀለሃ አለው፤ ነገር ግን የሚጎርሰው ጥቁር ባሩድ ነው። ስለዚህ የተተኮሰው ቀለሃ አይጣልም፤ ተለቅሞ ማቀጣጠያው ይለወጣል፥ ባሩድ ይሞላል፥ እርሳስ ቀልጦ ይገጠምለታል። ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ሆኖ ከአሞሌ ጎን ሲመነዘር የኖረውም ለዚህ ነው። ምንሽር ከመጣ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ምንሽር ሩቅ ይመታል፥ ጢስ የለውም፤ ነገር ግን ባሩዱ በቤት አይቀመምም። ጥይቱ ያለቀበት ምንሽር ዱላ ነው።

ይህ በጠላት ወረራ ዘመን በግልጽ ታየ። በ1928 ዓ. ም. ጦርነት ጊዜ ታላላቆቹ መንግሥታት የመሣሪያ ሽያጭ በከለከሉን ወቅት፥ ኋላም በላይ ዘለቀ በቢቸና አገር ሸፍቶ ጠላትን ሲወጋ፥ ጥይት የሚገኝበት ዋናው መንገድ ከጠላት መማረክ ነበረ። ስለ ጀግናው ብዙ ተብሏል፥ በ1937 ዓ. ም. በስቅላት መሞቱም ይታወቃል፤ እኔ የምጨምረው ጀግንነት በዝናር ውስጥ ባለው ጥይት ቁጥር ይለካ እንደ ነበር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሞጣና የቢቸና ገበሬ መሣሪያውን የተመለከተው እንደ ርስቱ አድርጎ ነው። በ1960 ዓ. ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ሞጣ፥ ቢቸናና ዳሞት ሲያምፁ፥ ምሬቱ የግብሩ ብቻ አልነበረም፤ ብረት ይመዝገብ የሚለው ትእዛዝም ነገ ይነጠቃል የሚል ስጋት አሳድሮ ነበር። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ወደ ከፋ ተዛወሩ። እኔ በበኩሌ የገበሬውን ስጋት አልነቅፍም፤ ርስትና ነፍጥ ለእርሱ ሁለት ነገር አልነበሩምና።

አሮጌ ሽጉጥ ዛሬ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። በዘመዶቻችን ሠርግ ላይ ከአባት የወረደ አንድ አሮጌ ሽጉጥ ወጥቶ ነበር። አንዱ ጎረምሳ የዘመኑን ጥይት ፈልፍሎ ባሩዱን ሊያጎርሰው ሲል አያቴ እጁን ያዙት። «ተው አንተ ልጅ! ይኸ ብረት የለመደው ጥቁሩን ነው፤ የዛሬው ባሩድ እጅህን ይዞት ይሄዳል» አሉት። ጎረምሳው «አባባ፥ ባሩድ ያው ባሩድ አይደለም እንዴ?» ቢላቸው፥ «በቅሎም ፈረስም ይጫናል፤ ጭነቱ ግን አንድ አይደለም» ብለው ሽጉጡን ወደ ሣጥኑ መለሱት። ሳይንሱም ከእርሳቸው ጋራ ነው። ጢስ አልባው ባሩድ የሚፈጥረው ግፊት ከጥቁሩ እጅግ ስለሚበልጥ፥ ለጥቁሩ የተሠራ አሮጌ ብረት ሊፈነዳ ይችላል። ሠርጉ ያለ ተኩስ በእልልታ ብቻ አለፈ፤ ጎረምሳውም ዛሬ ዐሥር ጣቶቹ እንዳሉ ናቸው።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር የታወቀ ጨዋታ ሆኗል። በአሜሪካ በአፈሙዝ በሚጎርስ መሣሪያ ዒላማ የሚተኩሱ ሰዎች ማኅበር በ1933 እ. ኤ. አ. ተቋቋመ፤ ከ1971 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ደግሞ ልዩ ልዩ አገሮች የሚወዳደሩበት ዓለም አቀፍ ማኅበር አለ። ሽጉጡን በእጃቸው እየሞሉ፥ በጢስ ተሸፍነው፥ ወረቀት ላይ የተሳለ ክብ ይመታሉ፤ ተኩሰው ሲጨርሱም ብረቱ እንዳይዝግ በሙቅ ውሃ ያጥቡታል። የጥንቱን አስመስለው የሚሠሩ ፋብሪካዎች በብዛት የሚገኙት በኢጣሊያ፥ በብሬሺያ አጠገብ በጋርዶኔ ከተማ ነው። የቢቸና አርበኛ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር እያልሁ አስባለሁ። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ጨዋታው ገና ሩቅ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን ባሩድ ሲቀመም ያዩ ወይም ከአባቶቻቸው የሰሙ አዛውንት በየመንደሩ አሉ። አያቴ ለከሰሉ የሚመረጠው ብሳና ነው ይላሉ፤ የሞጣው ወንድማቸው ደግሞ የለም፥ ግራዋ ነው ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ አላለቀም፤ እኔም ሁለቱን ቃል በደብተሬ ለየብቻ ጽፌ ይዣለሁ።