ካይተን ዙሺ

ካይተን ዙሺ በትንንሽ ሳህን የቀረበ ሱሺ በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ እየዞረ በተመጋቢዎች ፊት የሚያልፍበት፣ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ የጃፓን ምግብ ቤት ዓይነት ነው። ትርጉሙ «የሚዞር ሱሺ» ነው።

ታሪክ

የመጀመሪያውን ቤት ዮሺያኪ ሺራይሺ በ1958 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ሂጋሺ ኦሳካ ከተማ ከፈተ። ሐሳቡን ያገኘው በቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙሶች በቀበቶ ሲጓዙ አይቶ ነው። ቀበቶው የአስተናጋጅን ሥራ ስለሚያቃልል ሱሺ በርካሽ ዋጋ ሊሸጥ ቻለ። በ1970 እ.ኤ.አ. በኦሳካ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከቀረበ በኋላ በሰፊው ታወቀ።

አበላል

ተመጋቢው ያሰኘውን ሳህን ያነሳል፤ ያነሳውን ግን መልሶ አያስቀምጥም። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳህን ሁለት ጉርሻ ሱሺ ይቀርባል። አረንጓዴ ሻዩን ራሱ ከጠረጴዛው ቧንቧ በሚቀዳ ሙቅ ውሃ ያዘጋጃል። በብዙ ቤቶች የሳህኑ ቀለም ዋጋውን ስለሚያመለክት ሂሳቡ የሚሠራው ባዶ ሳህኖችን በመቁጠር ነው።

ንጽህና

አሠራሩ የሚቆመው ተመጋቢዎች እርስ በርስ በሚተማመኑት ልክ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደንበኞች የጋራ የአኩሪ አተር ሶስ ጠርሙስ ሲልሱና የሚያልፍ ምግብ በምራቅ ሲነኩ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ተሰራጭተው ብዙዎችን አስቆጡ። ከዚያ ወዲህ በርካታ ቤቶች ምግብ ማዞሩን ትተው በስክሪን የታዘዘውን ብቻ በቀበቶ ወደ ጠረጴዛው ይልካሉ።