የጊች ምድጃ፤ ስለ ማገዶና ስለ መንደር አጭር ጥናት

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ስሜን ተራራዎች የሚወጣ መንገደኛ ጊች ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ከገብስ በቀር ሌላ እህል እምብዛም አይበቅልም። ስለዚህ በጊች ጎጆ ለቀለሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው እሳት ነበር። የታሪክ ተማሪዎች የነገሥታትን ዜና መዋዕል እናገላብጣለን፤ ምድጃን ግን የታሪክ ምስክር አድርገን አንጠራም። በዚህ ጽሑፍ የጊች መንደር እንዴት እንደ ኖረና እንዴት እንደ ተነሣ ለመረዳት ከምድጃው መጀመር እንደሚገባ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በደጋ አገር እሳት በየቀኑ እንደ አዲስ አይለኮስም። ማታ የቤቱ እመቤት ፍሙን በአመድ አዳፍና ታሳድረዋለች። ጧት አመዱን ገልጣ ረመጡን ታወጣለች፤ በላዩ ደረቅ ሣርና ጭራሮ አድርጋ እፍ ትላለች፤ ሲያያዝላት መጀመሪያ ስንጥር፥ ቀጥሎ ፍልጥ ትጨምራለች። ፍልጡን ያስቸኰለችው እንደ ሆነ እሳቱ ይታፈናል፤ እንጨቱም እርጥብ ከሆነ ቤቱ በጭስ ሲታጠን ያድራል። ረመጡ የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ከጎረቤት እሳት ትጭራለች። ክብሪት ብርቅ በነበረበት ዘመን ይህ ልማድ ቤትን ከቤት ያስተሳሰረ ያልተጻፈ ሕግ ነበር ለማለት ይቻላል። ጭሱ መውጫ ስለሌለው በሣሩ ክዳን ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል፤ የሴቶችንና የሕፃናትን ዐይንና ሳንባ ግን ይጎዳል።

የጊች ሰው የሚያነደው በተለይ አስታ ነበር። አስታ በስሜን የዛፍ መብቀያ ወሰን ላይ የሚገኝ ዛፍ ነው። በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያም ይበቅላል፤ በዚያ በሥሩ ላይ የሚያብጠውን ጉጥ እሳት ቶሎ ስለማይበላው የትምባሆ ፒፓ ይሠሩበታል። አስታ ሲቈረጥ ከሥሩ መልሶ ያቈጠቍጣል፤ ይሁን እንጂ እድገቱ ዝግ ያለ ስለ ሆነ ፋታ ይፈልጋል። መንደሩ ሲሰፋ ፋታው ያጥራል፤ እንጨቱም ይርቃል። እንጨት ሲርቅ ኩበት ይነዳል። ኩበቱ ወደ ምድጃ ከገባ ደግሞ ለገብሱ ማሳ የሚሆን ፍግ ያንሳል። እንዲህ እያለ ቤቱ ሲሞቅ ማሳው ይራባል።

የስሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በ1970ዎቹ የስሜንን አፈር መሸርሸር ያጠናው የስዊስ ተወላጅ ሐንስ ሁርኒ ከቁልቁለቱ እርሻ ምን ያህል አፈር እንደሚታጠብ አሳየ። በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ተመዘገበ። ለዚህም የዋልያ ቍጥር መቀነስ፥ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ዋና ዋና ምክንያቶች ነበሩ፤ ማገዶ ከእነዚህ ጋር የሚቈጠር እንጂ ብቻውን ተጠያቂ አልነበረም። በመጨረሻ ከ400 የሚበልጡ የጊች አባወራዎች፥ እስላሞች የሆኑ ገበሬዎች፥ በ2016 መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ይህን ነገር ከአዲስ አበባ ታሪክ ጋር ብናስተያየው ጥሩ ትምህርት እናገኛለን። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የእንጦጦና የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመናምኖ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በ1900 ገደማ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ አስጀመሩ። ሆኖም በ1890ዎቹ ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስላደገ ከተማው በቦታው ጸና። በአዲስ አበባ ዛፉ ወደ ሰዉ መጣ፤ በጊች ሰዉ ከዛፉ ተለየ።

ከሁለቱ የትኛው መንገድ ይሻላል ቢባል መልሱ ቀላል አይደለም። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም፤ የጊች ገበሬም ከአባቶቹ ማሳ በቀር ሌላ ርስት አልነበረውም። እኛ እንደምናምነው ዋልያው እንዲድን መወሰኑ ትክክል ነው፤ ዋጋውን ግን አንድ መንደር ብቻውን መክፈል አልነበረበትም። ከከተማ ሲገባ ማገዶ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ይሆናል፤ ከብትና ማሳ የነበረው ሰው ገንዘቡን ከየት ያመጣል? «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንዲሉ፥ የቤቱን ቦታ መለወጥ ብቻ ኑሮን አያቀናም።

ደግሞም በ2019 መጋቢትና ሚያዝያ በጊች አካባቢ ብርቱ ቃጠሎ ተነሥቶ ሣሩንና አስታውን በላ። የአካባቢው ሕዝብ ለማጥፋት ወጣ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ይህን ማንሣታችን መንደሩ ቢኖር ኖሮ ቃጠሎው ባልተነሣ ነበር ለማለት አይደለም። እሳት አዳፍኖ ማሳደርን፥ የነፋሱን መምጫና የሣሩን መድረቂያ ጊዜ የሚያውቅ ሰው ለፓርኩም እንደሚጠቅም ለማሳሰብ ነው።

ስለዚህ ከደባርቅና ከዳባት ለሚመጡ የትምህርት ጓደኞቻችን አንድ ልመና አለን። ለዕረፍት አገራችሁ ስትገቡ ከጊች የተነሡትን እናቶች ጠይቋቸው፤ እንጨቱን ከየት ይለቅሙ እንደ ነበር፥ ስንት ሰዓት ይጓዙ እንደ ነበር፥ እሳት ከማን ቤት ይጭሩ እንደ ነበር ጻፉ። የምድጃው ድንጋይ ከተበተነና ሣር ከበቀለበት በኋላ መንደሩን የሚመሰክሩለት እነርሱ ብቻ ናቸው።