የዘነበወርቅ ያልተጻፈ ታሪክ፦ ሥጋ ደዌና የሰለለ ድምፅ

በኮልፌ ቀራኒዮ የዘነበወርቅ ሰፈር መጠሪያውን የወረሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሆን፣ በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከሉ አለርት በዚያው ግቢ ተመሠረተ፤ በ1970ም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከጎኑ ሥራ ጀመረ። የሰፈሩ ታሪክ ሲነገር የሚነሣው ጣት፣ እግርና ፊት ነው። ድምፅን የሚያነሣ የለም። ሥጋ ደዌ ግን የማንቁርትም በሽታ ነበር፤ ይህን የዘለለ ታሪክ ጎዶሎ ነው።

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይስማማዋል፤ ስለዚህ አፍንጫንና የጆሮን ጫፍ ያጠቃል። ፍቱን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን በሽታው በሰውነታቸው በሰፊው በተሰራጨባቸው ሰዎች ላይ ከአፍንጫ ወደ ማንቁርት ይወርድ ነበር። የድምፅ አውታሮች ያብጣሉ፣ ይቆስላሉ፤ ድምፁ ይሻክራል፣ ይሰልላል። ሲብስ የአየር መተላለፊያው ይጠብና ሐኪም አንገት በስቶ ቱቦ እስከማስገባት ይደርሳል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ተጠርጣሪን የሚመረምሩ ሰዎች የድምፅ መሻከርን ከምልክቶቹ አንዱ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። በአገራችንም ጎህ ሳይቀድ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎች ማዜም ቢተዉ ሥጋ ደዌ እንደሚይዛቸው ይታመናል። እምነቱ ሕክምናዊ መሠረት ባይኖረውም፣ ድምፅንና በሽታውን በአንድ ላይ ማንሣቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ሕሙማኑ ድምፃቸው የሰለለው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲለምኑ ስለሚጮኹ ነው የሚል ይኖራል። ጩኸት በእርግጥ ድምፅን ይዘጋል፤ ያረፈ ጉሮሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሰልፎን መድኃኒቶች ሲመጡ የማንቁርቱ ቁስል መዳን ጀመረ። መነሻው ጩኸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባክቴሪያን የሚዋጋ መድኃኒት ባላዳነው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒቶች ጥምር ሕክምና እንዲሰጥ ከመከረ ወዲህ እንዲህ ያለው ጉዳት እየጠፋ መጥቷል። ታዲያ ዛሬ ምን ያስጨንቃል? አብዛኛው የድምፅ መዘጋት የሚመጣው ከጉንፋን፣ ከጩኸት፣ ከሲጋራ ወይም ወደ ጉሮሮ ከሚመለስ የጨጓራ አሲድ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የማንቁርት ካንሰርም በዚሁ ምልክት ይጀምራል። ሳንባ ነቀርሳም ማንቁርትን ሊይዝ ይችላል፤ በሽታው ደግሞ በአገራችን ገና ብዙ ሰው ያጠቃል። ድምፅዎ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሰለለ፣ ወይም ከዚያ በፊት ደም፣ የአንገት እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ፣ ዝንጅብልና ማር ላይ ብቻ አይቆዩ፤ ሐኪም ማንቁርትዎን በመሣሪያ ይመልከተው።