ማን ይፍረድ? ከዳሞት አመጽ እስከ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ

«ሐተታ» የተባለው መጽሐፉ ራሱ እንደሚለው ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ የተወለደው ዐፄ ያዕቆብ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓመተ ልደት፣ በአክሱም አውራጃ ከአንድ ድሃ ገበሬ ቤት ነው። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ስሙ ይነሣል፤ ሁለት ዓመት የተሸሸገበት ዋሻም አብሮ ይነሣል። እኔ ግን ዛሬ ዋሻውን ላቆይና ያን ሁሉ ጥያቄ ካፈላው ዘመን ልጀምር። በዘመኑም ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይወሳ ከሚታለፈው ከዳሞት።

ዳሞት ጥንት ከዓባይ ማዶ በስተደቡብ የነበረ አገር ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው ታላቅ የሕዝብ እንቅስቃሴ ምክንያት ስሙም ሰዉም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ገባ። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ማንኩሳን አልፎ ቡሬ የሚደርስ መንገደኛ የሚያቋርጠው ምድር የዚያ የተሻገረው ዳሞት አካል ነው። ጤፉ፣ በቆሎው፣ በርበሬው የሚታወቅለት አገር ነው። በሃይማኖት ምክንያት ደም የፈሰሰበት አገር መሆኑን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የዐፄ ሱስንዮስን ታሪክ አንባቢ ያውቀዋልና አላረዝመውም። ንጉሡ በፔድሮ ፓኤዝና በባልንጀሮቹ፣ ጀስዊት በሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ተስቦ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማን እምነት በይፋ ተቀበለ። ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ ከመጣ በኋላ ደግሞ በ1626 ለሮማው ጳጳስ መገዛቱን በአደባባይ በመሐላ አጸና። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1632፣ ከወይና ደጋው ጦርነት እልቂት ማግስት የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። በዚህ ሁሉ መካከል ጎጃምን የያዘው የንጉሡ የእናት ልጅ ራስ ስዕለ ክርስቶስ ነበር። ከንጉሡ ቀድሞ የካቶሊክን እምነት የተቀበለ፣ ሚስዮናውያኑን በቆለላና በሳርካ ያስቀመጠ፣ ፋሲል ነግሦ ተመለስ ሲለውም አሻፈረኝ ብሎ ግዞትን የመረጠ ሰው ነው። እምነቱን ልንወድለት አይገባንም፤ ጽናቱን ግን መካድ አይቻልም።

ዳሞት የተነሣው በ1620 ነው። ምክንያቱ ቅዳሜ ነበረች። ንጉሡ ቀዳሚት ሰንበት እንዳትከበር፣ ገበሬውም እንደ ሌላው ቀን እንዲያርስባት አዋጅ አስነገረ። ለፖርቱጋሉ ካህን ቅዳሜ የአይሁድ ርዝራዥ ናት። ለዳሞት ገበሬ ግን እሷን ማረስ በሬውን፣ ዝናቡንና የሞቱ ዘመዶቹን ዕረፍት ጭምር መንካት ነው። አገሩ በመነኮሳትና በባሕታውያን ቀስቃሽነት ጦር አነሣ፤ ስዕለ ክርስቶስ ዘምቶ ሰበረው። ከወደቁት መካከል ብዙ መነኮሳት ነበሩ።

እዚህ ላይ ምንጮቹ ይሳሳሉ። ስለ ዳሞት የጻፉት የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊና የኢየሱስ ማኅበር፣ ማለትም የጀስዊት ካህናት ናቸው፤ ሁለቱም የአሸናፊው ወገን ናቸው። ቡሬ ዙሪያ ያለ ባላገር በዚያ ዓመት ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ምን እንዳለ የጻፈ የለም። ልጇ በቅዳሜ ምክንያት የሞተባት እናት ሰንበትን ያዘዘውን አምላክ ምን ብላ እንደጠየቀችው የጻፈ የለም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ አዋጁ ሲሻር በደስታ እንደተጮኸ እናነባለን፤ ያ ሁሉ ሰው ስለ ምን ሞተ ብሎ የጠየቀ ስለመኖሩ ግን አናነብም።

ጥያቄውን ጽፎ የምናገኘው ከዳሞት ርቆ የኖረው የአክሱሙ መምህር ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ቅኔውን፣ ሰዋስዉንና የመጻሕፍት ትርጓሜውን የተማረ ሰው ነበር። መጽሐፍ ሲያስተምር ፍራንጆቹ (ካቶሊኮቹ) እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያኑ (ኦርቶዶክሶቹ) ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያቀርባል፤ ይህኛው ልክ ነው፣ ያኛው ስህተት ነው አይልም። በዚያ ዘመን ይህ ለሁለቱም ወገን ክህደት ነው። ወልደ ዮሐንስ የተባለ ቄስ በንጉሡ ዘንድ ከሰሰው፤ እሱም ሦስት ወቄት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ሸሸ።

በዋሻው ውስጥ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው፦ ይህን ጸሎቴን በእውነት የሚሰማ አለ ወይ? የሚል ነው። ለዚህ ያገኘው መልስ አለ የሚል ነው፤ እኔ ራሴን አልፈጠርኩም፣ የወለዱኝም ራሳቸውን አልፈጠሩም፣ እያለ ወደኋላ ቆጥሮ ካልተፈጠረ ፈጣሪ ይደርሳል። ሁለተኛው፦ ከእነዚህ ሃይማኖቶች መካከል እውነተኛው የትኛው ነው? የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቆመ። ፍራንጁን ብትጠይቀው የእኔ እምነት ነው ይልሃል፤ ግብጻዊው፣ እስላሙና አይሁዱም እንደዚሁ። ሁሉም ከሳሽና ተከሳሽ ከሆኑ ዳኛው ማን ነው?

እንግሊዛዊው ቶማስ ሀክስሊ አግኖስቲክ የሚለውን ቃል የፈጠረው በ1869 ነው፤ ስለማይታወቅ ነገር ዐውቃለሁ ማለትን እንቢ ለሚል ሰው መጠሪያ ይሆን ዘንድ። ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ልክ አይሰፋም። እግዚአብሔርን አልካደም፤ ዳዊቱንም እስከ መጨረሻው ከእጁ አልለየም። ነገር ግን እግዚአብሔር ለየትኛው ወገን ተናገረ ለሚለው ጥያቄ አላውቅም ማለቱ፣ ማንም ሊያውቀው የሚችል መሆኑንም መጠራጠሩ፣ ከሀክስሊ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ ያንኑ በር ያንኳኳ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ይህን ሁሉ ያለው ተንበርክኮ መሆኑ ነው። ጥርጣሬው ከጸሎቱ ውስጥ ይወጣል፤ ተመልሶም ወደ ጸሎቱ ይገባል።

ይህ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም። የአምላክ ባሕርይ አይመረመርም ብሎ የሚያስተምረው የአብነቱ መምህር ራሱ ነው። በጎጃም ዋሸራም ሆነ ጎንጅ የተቀመጠ የቅኔ ተማሪ ነጋ ጠባ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። የትርጓሜ ቤቱ ተማሪም አንዱን ጥቅስ በአንድም በአንድም እየፈታ አራትና አምስት ፍቺ ጎን ለጎን ያቆማል፤ ሁሉንም ይዞ ያልፋል እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን አይጥልም። ልዩነቱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የአብነቱ ሊቅ ይህን ሁሉ አስፍቶ በመጨረሻ ከአባቶች ቃል ያርፋል፤ ዘርዐ ያዕቆብ ግን ማረፊያውን በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ በተቀመጠው የአእምሮ ብርሃን ላይ አደረገ። መንገዱ አንድ ነው፤ መድረሻው ይለያያል።

አሁን መጽሐፉን በእርግጥ ማን ጻፈው ወደሚለው ክርክር ልግባ፤ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት እሱ ነውና።

መጽሐፉን ለዓለም ያስታወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚስዮናዊ ነው። በ1840ዎቹ አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በበጌምድር ኖረ፤ ግዕዝ ተማረ፤ ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ መጻሕፍት ይሰበስብ ነበር። በ1852 ሐተታውን እንዳገኘ ጻፈ፤ በኋላም የወልደ ሕይወትን፣ የዘርዐ ያዕቆብን ደቀ መዝሙር ሐተታ ጨመረ። ሁለቱ ቅጂዎች ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በዳባዲ ስብስብ 215 እና 234 ተብለው ይገኛሉ። ጁስቶ ራሱ ከአገር ተባርሮ በካርቱም ሞተ። ኤኖ ሊትማን በ1904 መጽሐፉን ሲያሳትም የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን አልተጠራጠረም ነበር።

በ1920 ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ይህ የጁስቶ ድርሰት ነው አለ። ምስክር ያደረገው ተክለ ሃይማኖት የተባሉ የዐድዋ ካቶሊክ ካህንን ነው። የጁስቶ የልጅነት ስሙ ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ መሆኑን ጠቀሰ፤ የጁስቶ የትውልድ ቀን ከዘርዐ ያዕቆብ ልደት ጋር መቀራረቡንም የሚጨምሩ አሉ። በ1934 ኦይገን ሚትቮክ ያንኑ አጸና፤ በ2013 ደግሞ ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን ክሱን በአዲስ መልክ አቀረበች። የክሱ ብርቱ ጎን የስሙ መመሳሰል አይደለም፤ ሁለቱም ቅጂዎች በጁስቶ እጅ ያለፉ መሆናቸውና ከእነሱ ውጭ ሦስተኛ ቅጂ እስካሁን አለመገኘቱ ነው። ይህ ሚዛን የሚደፋ ነገር ነው።

በሌላ በኩል የቆሙት የግዕዙን ልክ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አምሳሉ አክሊሉና ዓለማየሁ ሞገስ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተከራከሩ። ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ በ1976 እና በ1978 ባሳተማቸው ጥራዞች ሁለቱን ሐተታዎች ከጁስቶ ጽሑፎች ጋር ቃል በቃል አስተያየ። ሰምነር ራሱ የጀስዊት ካህን ነበር፤ በማኅበሩ ምክንያት የተሰደደውን ሰው ስም ያስመለሰው ከዚያው ማኅበር የወጣ ሰው መሆኑን በክብር ማስታወስ ይገባል። ጌታቸው ኃይሌም ቀድሞ ከተጠራጣሪዎቹ ጋር ነበሩ፤ በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው ዘርዐ ያዕቆብ የነበረ ሰው ነው፣ የጁስቶ እጅ ግን በኋላ ገብቶበታል አሉ።

እኔ ወደ ጌታቸው ኃይሌ አዘነብላለሁ። ጁስቶ በአገሬው ደብተራዎች እየታገዘ ይሠራ እንደነበር ከሳሾቹም አይክዱም። ታዲያ ያንን ግዕዝ፣ ያን ሁሉ የዳዊት ጥቅስ ያቀበለው ደብተራ ምን ያስብ ነበር? ደግሞም የመጽሐፉ ቁስል የበጌምድር 1850ዎቹ ቁስል አይመስልም። ጎረቤት ጎረቤቱን ለንጉሥ የከሰሰበት፣ የትኛውን ቄስ እንደሚከተል ያልታወቀ ሰው የታደነበት ዘመን ቁስል ነው። ዳሞት ቅዳሜን ስለማክበሩ ጦር የዘመተበት ዘመን። ሰው ዳኛው ማን ነው ብሎ እንዲጠይቅ ያን መሰል ዘመን በቂ ነው፤ ከአውሮፓ መጽሐፍ መዋስ አያስፈልገውም።

ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ እንዴት እንደኖረ ነው። እንፍራዝ ሄዶ ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠጋ፤ ዳዊት ጻፈ፤ ልጆቹን አስተማረ፤ የቤቱን ሠራተኛ ሒሩትን አገባ፤ እሷም እንደ እሱ እኩል ሰው ናት አለ። ለሰው ሁሉ ክርስቲያን መስሎ ይታይ ነበር፤ በልቡ ግን ከእግዚአብሔር በቀር አንዱንም እንደማያምን ለደቀ መዝሙሩ ነገረው። ይህ ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ነበር፣ የዳሞትንም የመሰለ ነገር ያየ ትውልድ ነው።

ጎጃም ይህን ዓይነት ሰው በልብ ወለድም ያውቀዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ የተወለደው እዚሁ ማንኩሳ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የተሰጠ ልጅ። ዲማ ላይ የሚያገኘው ጉዱ ካሣ ደግሞ የአብነቱን ትምህርት የጠገበ፣ የጌቶችንም የካህናትንም ልማድ የሚመረምር ሰው ነው። አገሩ ጉዱ አለው፤ እሱም በስሙ ኖረበት። ዘርዐ ያዕቆብ ዝም አለ፣ ጉዱ ካሣ ተናገረ። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ትምህርት ቤት ነው።

በ2022 በኦክስፎርድ ስለ ሐተታው ጉባኤ ተደርጓል፤ በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታትሟል። ሦስተኛ ቅጂ ካለ ግን የሚገኘው በኦክስፎርድ አይደለም። ገና ፎቶ ባልተነሡ የገጠር ዕቃ ቤቶች ውስጥ ነው፤ በጎጃምም እንዲህ ያሉ ብዙ አሉ፤ ጊዜም ምስጥም እሳትም አይጠብቃቸውም።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በምዕራብ ጎጃም ከመቶ 98 በላይ የሚሆነው ሕዝብ ኦርቶዶክስ ነኝ ብሏል። ቆጣሪው በየቤቱ ደጃፍ ቆሞ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ይመልሳል፤ ይጻፋል። እንፍራዝ ያለው የሀብቱ ልጆች መምህር በዚያ ቀን ቢጠየቅ ኖሮ መልሱ ከጎረቤቶቹ መልስ አይለይም ነበር፤ ቆጣሪውም ጽፎ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፍ ነበር።