የማይለካው ሙቀት እንዴት ታወቀ?

ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምና ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ካርቦን ወደዚህ ጋዝ ሲለወጥ የሚወጣውን ሙቀት በቀጥታ መለካት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ አየሩ የቱንም ያህል ቢመጠን ከካርቦኑ ከፊሉ ፈጽሞ ነዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑ አይቀርምና። ሆኖም አኃዙ በየኬሚስትሪ መጽሐፉ ሰፍሮ ይገኛል። ለዚህ መንገዱን የከፈተው ዤርማን ሄንሪ ሔስ ነበር።

ሔስ እ.ኤ.አ. በ1802 በጄኔቫ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ሩሲያ ተወሰደ። በዶርፓት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ በ1825 ከተመረቀ በኋላ በሳይቤሪያዋ ኢርኩትስክ ከተማ በሐኪምነት አገልግሏል። ልቡ ግን ከኬሚስትሪ አልተለየም፤ በ1830 በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ገብቶ በምርምር ተሰማራ።

በዚያም ሰልፈሪክ አሲድን አንዳንዴ በጥቂት፣ አንዳንዴም በብዙ ውኃ እያቀጠነ ከአሞኒያ ጋር ያዋሕድ ነበር። አሲዱ በውኃ ሲቀጥን ብዙ ሙቀት ካወጣ፣ ከአሞኒያ ጋር ሲዋሐድ የሚያወጣው በዚያው ልክ ያንሳል፤ ድምሩ ግን አይለወጥም። በ1840 ሔስ ይህን በሕግ መልክ አቀረበው። አንድ ኬሚካዊ ለውጥ በአንድ ደረጃም ይፈጸም በብዙ፣ መነሻውና መድረሻው እስካልተለወጠ ድረስ ጠቅላላ ሙቀቱ አንድ ነው። ወደ እንጦጦ የሚወጣ መንገደኛ በአቋራጭም ይሂድ በዙሪያ፣ የሚወጣው ከፍታ እንደማይለያይ ማለት ነው።

ኃይል እንደማይፈጠርና እንደማይጠፋ ማየር በ1842፣ ጁል በ1843፣ ሄልምሆልትዝም በ1847 ያስረዱት ከዚህ በኋላ ነበር። ሔስ ምክንያቱ ሳይገለጥ እውነቱን በልኬት ቀድሞ ደረሰበት።

ዛሬ ግፊት ሳይለወጥ የሚወጣው ወይም የሚገባው ሙቀት የኤንታልፒ ለውጥ ይባላል። አንድ ሞል ካርቦን ፈጽሞ ነዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን 393.5 ኪሎጁል ያወጣል፤ አንድ ሞል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲነድ ደግሞ 283.0 ኪሎጁል። ሁለቱም በቀጥታ ይለካሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሲቀነስ 110.5 ኪሎጁል ይቀራል፤ ይህም ካርቦን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲለወጥ የሚወጣው፣ በቀጥታ ሊለካ ያልተቻለው ሙቀት ነው።

ሔስ በ1850 በ48 ዓመቱ በሴንት ፒተርስበርግ አረፈ። ስሌቱ ግን እስከ ቤት ምድጃ ድረስ ይዘልቃል። ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተለወጠ ካርቦን የሚሰጠው ከሙሉ ሙቀቱ ሩብ ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ከመርዛማው ጋዝ ጋር ይሄዳል። አየር ያጣ ከሰል ሙቀቱን ይነፍጋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነም ሕይወት ይነጥቃል።